የመስኮቱ ብርድ ልብስ

ሞያሌ፣ ኬንያ
ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጎበዜ፣

ደቡብ አፍሪካ እንዴት ይዞሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ተመስገን ደህና ነን።

አማችህ ጃርሶ አሁን ደህና ሆኗል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይውጣል፤ ከባድ መኪና መንዳቱን ትቶ ጠዋት ቦዳቦዳውን፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌቱን፣ አስነስቶ ጎዶማ ድረስ ሰው ያመላልሳል። ያቺ የከባድ መኪና ሾፌሮችን የአእምሮ ሕመም የምታጠናው ዶክተር ነጂባ ጥናቷ ታትሞላት መጣችና ሾፌሮቹንና እኛን ቤተሰቦቻቸውን ሰብስባ ያገኘችውን አስረዳችን። የማንንም ስም አልጠራችም። «አንድ ሾፌር ሰዎች ይከታተሉኛል ብሎ የቤቱን መስኮት በብርድ ልብስ ጋረደ» ስትል ግን ጃርሶ ብድግ ብሎ «እሱማ እኔ ነኝ!» አላት። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔን እንባዬ ቀደመኝ። እርግማን ነው ብለን ስንት ቦታ ይዘነው ዞርን! እሷ ሕመም ነው፣ ቶሎ ከታከሙት ይሻላል ነው የምትለው።

ሱቁ ደህና ይሸጣል። አስፋልቱ ካለቀ ወዲህ ናይሮቢ ጎረቤት ሆኗል።

ሰሞኑን በስልክ «ለብርዱ ብዬ መስኮቴን በካርቶን ደፈንኩት» ብለኸኝ አልነበር? ልጄ ሳሮን ደግሞ ጆሃንስበርግ አሁን ሙቀት ነው ትለኛለች። እኔ የዚያን አገር አየር የት አውቄ! ለጃርሶ ነገርኩት። በማግስቱ ፓስፖርቱን ሊያሳድስ ሄደ። ምነው ብለው «ጎበዜ ናፍቆኛል፤ ሄጄ አመጣዋለሁ» አለኝ።

ያንን ብርድ ልብስ ራሱ ከመስኮቱ አውርዶ አጥቦታል። አንተ ስትመጣ የምትተኛበት አልጋ ላይ አንጥፌዋለሁ።

ጃርሶ እስኪደርስ ካርቶኑን አንሳው፤ ፀሐይ ቤትህ ይግባ፣ ወንድሜ።

እህትህ አመለሸጋ