የጌቲስበርግ ሦስተኛው ቀን

አባ፣

አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ከተለየኸን ወዲህ ሁለት ረመዷን ጾመናል። ሁለቱንም ጊዜ እማ ለማፍጠሪያ ያንተን ሰሃን አውጥታ መልሳ አስገብታዋለች። እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

ቤቱ እንዳለ ነው። እንዳለ አይደለም። የበረንዳውን ወንበርህን ወደ ውስጥ አስገባነው፤ ከሚሴ ውስጥ ባጃጅ በዝቶ አቧራው አያስቀምጥም። ከደሴ የሚመጣው ሚኒባስ ሰው ሲያወርድ ለማየት ወደ መንገዱ አዙረኸው ነበር። አሁን እኔ በመስኮት አያለሁ። ሚኒባስ በቆመ ቁጥር የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ አያለሁ። ይህን ልማድ ካንተ ወረስኩት፤ አልፈለግሁትም።

ተማሪዎችህ ዛሬም «ቲቸር ጌቲስበርግ» ይሉሃል። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ እኔም ከነሱ አንዷ ነበርኩ። የአሜሪካኖችን የእርስ በርስ ጦርነት የጎረቤት ጠብ አስመስለህ ታስተምረን ነበር። አንቲታም በተባለው ውጊያ ወታደሮች የተሸሸጉበትን የበቆሎ ማሳ ስታስረዳ «የጨፋን ሜዳ ማሽላ አስቡት፤ ሰው ቆሞ የማይታይበትን» ትለን ነበር። ከዚያ ጌቲስበርግ፣ ሦስት ቀን የፈጀው ውጊያ። ኮረብታዎቹን በጠመኔ ትስላለህ። የመጀመሪያው ቀን። ሁለተኛው ቀን።

ያን ዓመት ነው ኢብሮ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ወደ ሰሜን ግንባር ሄዶ የቀረው።

ሽማግሌዎቹ መርዶ ይዘው የመጡት ጎህ ሲቀድ ነበር። በሩ ላይ ቆመህ «ሬሳውን ያየ አለ?» አልካቸው። አልነበረም። «እንግዲያውስ ልጄ አልሞተም። ኒ ዱፋ። ይመጣል» ብለህ በሩን ዘጋህ። ያንኑ ዕለት ክፍል ገባህ። የደቡቦቹ ጦር በሦስተኛው ቀን ወደ መድፍ አፍ የሚሄድበትን ገላጣ ሜዳ ሳልክና ጠመኔውን አስቀመጥክ። ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ታዲያ ማን አሸነፈ?» ሲል ክፍሉ ሳቀ። «አንብባችሁ ድረሱበት» ብለህ ወጣህ። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሦስተኛውን ቀን አስተምረህ አታውቅም።

እቤት ግን ሌላ ታሪክ ነበረህ። በዚያ ጦርነት ሞቷል ተብሎ ከተለቀሰለት በኋላ በእግሩ ወደ ቤቱ የገባ ወታደር እንዳለ ለእማ ደጋግመህ ትነግራት ነበር። ስም ሳይኖራቸው ስለተቀበሩት አንድም ቀን አላነሳህም። የምታስተምርበት መጽሐፍ ላይ ግን አሉ። አንብቤያቸዋለሁ።

ስለዚህ እኛ ቤት ለቅሶ አልተቀመጥንም። ሰደቃ አልወጣም። ሰላተል ጋኢብ፣ ሬሳ በሌለበት የሚሰገደው ሰላት፣ ለኢብሮ አልተሰገደለትም። ጎረቤት እማን ገበያ ላይ ሲያገኛት የሚላት ይጠፋው ነበር። «አላህ ያጥናሽ» እንዳይላት አንተ አለህ። «ኢብሮ ደህና ነው ወይ?» እንዳይላት መርዶውን ሰምቷል። ስለ ዝናብ ያወራላታል።

አንተን የሸኘንህ ዕለት የሆነውን አታውቅም። ወንዶቹ ጀናዛህን ይዘው ከግቢ ሲወጡ እማ ጮኸች። የጠራችው ያንተን ስም አልነበረም። «ኢብሮዬ! ኢልማ ኮ! ልጄ!» አክስቴ ዘሀራ ደንግጣ ክንዷን ያዘቻት። «ኧረ አንቺ፣ ባልሽ ሰይድ ነው የሞተው! ሰው ምን ይላል?»

«ሰይድማ መቃብር አለው» አለች እማ።

ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ ለኢብሮ አለቀሱ። ለቅሶህን ወሰድንብህ። ከፍቶህ ይሆን?

እማ ደክማለች። በቅርቡ እጄን ይዛ «ሳልሞት ይሰገድለት» አለችኝ። መስጊድ ሄድኩ። ኢማሙ «የአባትሽን ቃል አውቃለሁ። አሁን ቃሉ የናንተ ነው» አሉኝ። የናንተ። እማ ወደ እኔ ታያለች፣ እኔ ወደ መንገዱ። ቢመጣስ? ከተሰገደለት በኋላ አንድ ቀን ከሚኒባስ ቢወርድስ? በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ይህን ሳመላልስ ሰነበትኩ። ኋላ ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣ። ባይመጣስ? እማም ቀድማ ብትሄድስ? ለኢብሮ ማን ያለቅስለታል?

ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ተሰገደለት።

ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። አንድ በአንድ እማን «አላህ ያጥናሽ» አሏት። ለእያንዳንዱ «አሚን» አለች፤ ቀስ ብላ፣ አንዱም እንዳያመልጣት የምትጠነቀቅ ይመስል። አላለቀሰችም። ሰው ሲወጣ ውሃ ጠየቀችኝ፣ ጠጣች፣ ተኛች። እንዲህ ስትተኛ አይቻት አላውቅም።

ቃልህን አፈረስኩ፣ አባ። ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። አንተ ግን አሁን ታውቃለህ። እዚያ አግኝተኸው ከሆነ ምንም ሳትጠይቀው እቀፈው። እኔ እስካለሁ ድረስ ዱዓ ሳደርግ ስማችሁን አልነጣጥልም፤ ያንተን ስጠራ የሱን አስከትላለሁ።

እዚያ ካጣኸው ግን በሕልሜ መጥተህ ንገረኝ። ለእማ አልነግራትም።

ልጅህ