የላክሁልዎት የሚዛን ድንጋይ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ኃይለ ማርያም፣

እንደምን ሰነበቱልኝ አባባ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷን ተሻላት? እህቴ ጸሎትና ትንሿ ልጇ ሎዛስ ደኅና ናቸው? ጤናዎን የምጠይቅዎት ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፤ በእርግጥ ማወቅ ስለምፈልግ ነው። እጅዎ ቀልቷል? ራስዎን ያዞርዎታል? ያስመልስዎታል? ስልክዎ ከሰኞ ጀምሮ ዝግ ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ባለፈው ወር በሹፌሩ በቡርሃን እጅ የላክሁልዎትን ክብ የሚዛን ድንጋይ ያስታውሳሉ። እዚህ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ፋብሪካ የወጣ ቁርጥራጭ ብረት ስንለይ ነው ሁለቱን መንታ ሆነው ያገኘኋቸው። ሲያዩዋቸው ትንሽ፣ ሲያነሷቸው ግን ጉድ የሚያሰኙ ናቸው። ቀለማቸው ተልጦ ምልክታቸው አይታይም። አንዱን ለአባቴ የበርበሬ ሚዛን ይሆናል ብዬ ወልውዬ ላክሁት፤ ሌላው እዚሁ ቀረ።

የቀረውን የሥራ ባልደረባዬ ጃፋር በመሮ ፈለጠው። ግድግዳው እርሳስ ነው፣ እርሳስ ደግሞ አቅልጦ የሚገዛ አይጠፋም። መሃሉ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል፣ የምታብለጨልጭ ነገር ተገኘች። ጃፋር ወደዳትና ኪሱ ከተታት። በማግስቱ ጭኑ በእሳት የተለበለበ መሰለ። ሐኪሙ የሆነውን ስንነግረው ፊቱ ልውጥ አለ፤ ወዲያው የጨረር ባለሙያዎች ጠራ። መሣሪያቸው ሱቃችን በር ላይ ሲደርስ ይጮህ ጀመር፣ መንገዱም ተዘጋ። ጃፋር አሁን ሆስፒታል ተኝቷል፤ እግሩን ለማትረፍ እየታገሉ ነው።

ሰፈሩ አቶም ሰነጠቁ እያለ ያወራል። እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ድረስ ሊፈነዳ ነው ተብሎ ዕቃውን ጭኖ የሄደም አለ። እኔም ጨንቆኝ ከባለሙያዎቹ አንዷን፣ ወይዘሮ ፋናን፣ አቶም በመዶሻ ይሰነጠቃል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። መሰንጠቁስ ይሰነጠቃል፣ ግን መዶሻ አይበቃውም አሉኝ። ውስጡ ያለው ፕሮቶን የሚባለውም ራሱ ከሌላ ደቃቅ ነገር የተሠራ ነው፤ ኤሌክትሮንን ግን እስከ ዛሬ የሰነጠቀው የለም አሉ። ልቤ መለስ ሊል ሲል፣ በዚያች ፍሬ ውስጥ ያለው አቶም ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ እንደሚፈርስ፣ ሲፈርስም ሥጋ የሚያቃጥል ጨረር እንደሚረጭ ነገሩኝ። አይታይም፣ አይሸትም፣ ቁም ቢሉት አይቆምም። የሚከልለው ዙሪያውን ያለው እርሳስ ብቻ ነው።

ይህን ስሰማ፣ ድንጋዩ የደረሰዎት ዕለት በስልክ ያሉኝ ትዝ አለኝ። ከኪሎው ትንሽ ያልፋል፣ በዚህ መዝኜ በርበሬ ብቀበል ገበሬውን መስረቅ ነው፣ ሥሩን ሰርስሬ አስተካክለዋለሁ ነበር ያሉኝ። የሚሰረስሩት እርሳሱን ነው አባባ!

ይህን ወረቀት የሚሰጡዎት ወይዘሮ ፋናና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እኔ ደሜ በየቀኑ ስለሚመረመር አትሄድም ተብያለሁ። አለባበሳቸው እንግዳ ቢሆንብዎት አይደንግጡ። የልጄ ስጦታ ነው፣ አልሰጥም ብለው እንዳይከራከሯቸው በእግዚአብሔር ስም እለምንዎታለሁ። ድንጋዩ ያለበትን ብቻ ያሳዩዋቸውና ሁላችሁም ከቤት ውጡ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ዕቃ ላንሳ ብላ ወደ ኋላ እንዳትመለስ። ጸሎትን ሰላም ይበሉልኝ። ሎዛ ድንጋዩን እያንከባለለች ትጫወትበታለች ሲሉኝ ከልቤ ስቄ ነበር፤ እሷን ከሁሉ አስቀድመው ያስመርምሩልኝ።

አባባ፣ እርስዎ በሰው ሚዛን አጭበርብረው አያውቁም። እኔ ግን ሰሞኑን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ የምለምነው ሌላ ነው፤ አባቴ ሰንፈው ሳይሰረስሩት ቀርተው እንዲሆን፣ ወሩን ሙሉ ገበሬውን ሲሰርቁት ከርመው እንዲሆን።

ልጅዎ በሪሁን
መርካቶ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.