የጋሽ ጂሎ መኪናና አዲሱ ቱርቦ

ኅዳር 3፣ ጧት 2 ሰ.
ዛሬም እጄ ናፍታ ይሸታል፤ ደብተሬ ሆይ፣ ቻለው። የጋሽ ጂሎ ሞተር እንደተከፈተ ነው። ጋሽ ጂሎ የእህቴ የአልማዝ ባል ነው፤ የቤታቸው ጉሮሮ ይቺ የጭነት መኪና ናት። እሸት ቡና ከወርቃ ይጭንና ይርጋጨፌ ማጠቢያው ያደርሳል። እሸት በተለቀመበት ቀን ካልደረሰ ጆንያው ውስጥ ይግላል፣ ይኮመጥጣል። መኪናዋ ደግሞ ዳገት ላይ ትንፏቀቃለች። ሰሞኑን ደጋግሞ አመሸ። የማጠቢያው ኃላፊ ቁርጡን ነግሮታል፤ አንዴ ደግሞ የጋለ ቡና ካመጣ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። አልማዝ በየማታው ራቱን ከድና በር በር ታያለች።

ከሰዓት።
አገኘሁ! ከተሰባበረ የመንገድ ሥራ ማሽን የተፈታ ቱርቦ፤ እኔ የምሠራበት የዲላው ጋራዥ ጥግ አቧራ ሲጠጣ የኖረ። ከሞተር የሚወጣው ጭስ መዘውር ያዞራል፤ መዘውሩ አየር ይገፋል። አየር ሲበዛ ናፍታ መጨመር ይቻላል፤ ጉልበት ይመጣል። ሙቀትም ይመጣል፣ ችግሩ እሱ ነው። ይቺ ሞተር ለዚህ አልተሠራችም። ካበዛሁባት ጉርኒሲዮኗ፣ የሞተሩ ማሸጊያ፣ ይቃጠላል፣ ሲብስም ፒስቶን ይቀልጣል። ያኔ ሥራውም መኪናውም የለም። ግን ልቤ አላርፍ አለ።

ኅዳር 7፣ ማታ።
ገጠምኩት። ወገቤ የእኔ አይደለም። የአየር መሳቢያው ቧንቧ ቦታ ስላጣ ከጋቢናው ኋላ ወደ ላይ አወጣሁት። ቀጥሎ ክርክር። ለሞተሩ ናፍታ የሚረጨው ፖምፓ ላይ ናፍታ የሚጨምር ቡሎን አለ፤ እኔ ግማሽ ዙር አልኩ፣ ጋሽ ጂሎ ሙሉ። ዳገቱን የምወጣው እኔ ነኝ ብሎ ድርቅ አለ። አልማዝ ምሳ ይዛ ስትመጣ ሰማችን። እሱ ዞር ሲል ቀስ ብላ፦
"ታዴ፣ እኔ ፍጥነት አልጠየቅኩህም። ቤቱ በሰላም ይግባልኝ።"
አንጀቴን በላችው። ግን የእሱ ድርቅና አሸነፈኝ። ሙሉ ዙር።

ኅዳር 8።
በባዶው እስከ ወናጎ ሞከርናት። ጉድ ነው! ዳገቱን ስትወጣ ታፏጫለች። ጋሽ ጂሎ እንደ ሙሽራ ይስቃል። እኔም ሳቅኩ። ነገ ወደ ወርቃ፤ አብሬ እሄዳለሁ።

ኅዳር 9፣ ማታ፣ ይርጋጨፌ።
ከየት ልጀምር። ወርቃ ላይ ጫንን። እንደ ልማዳቸው ጫኞቹ ፀሐይ እንዳያገኘው ጆንያውን በእንሰት ቅጠል ከደኑት። ካፊያ ጀመረ። ተነሣን። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ፤ ጉልበት የለ፤ የሙቀቱ ቀስት ቀይ ውስጥ። ቆምን። ገደልኳት አልኩ በሆዴ። ጋሽ ጂሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጆንያዎቹን ያያል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ፖምፓውን አየሁ፣ ደህና። ቱርቦውን፣ ደህና። ቀና ስል የአየር ቧንቧው አፍ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በቃጫ ግጥም ተደርጎ ታስሯል! የጫኞቹ አለቃ አዱላ ከጭነቱ ላይ ሆኖ ያየኛል፤ ደንግጧል።
"ዝናብ እንዳይገባበት ብዬ ነው። እኛ ደህና ነገር ሁሉ በእንሰት ነው የምንከድን።"
ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፣ ሳቅ አመለጠኝ። ጋሽ ጂሎም እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ቅጠሉን ፈታን፣ እስክትቀዘቅዝ ጠበቅናት፣ ተነሣች። ጀንበር ሳትጠልቅ ደረስን። ኃላፊው ጆንያ ውስጥ እጁን ከተተ። ቀዝቃዛ። ራሱን ነቀነቀና አስገቡ አለ። እፎይ።

ግን ላንተ፣ ለደብተሬ፣ አልዋሽም። ቅጠሉ ከወጣ በኋላም የመጨረሻው ዳገት ላይ ቀስቱ ቀዩን ነክቷል። ያ የአዱላ አይደለም፤ የሙሉ ዙሩ ነው።

ኅዳር 10፣ ዲላ።
ጧት ለጋሽ ጂሎ ነገርኩት። ሙሉ ዙሩ ይሄን መኸር ያደርስሃል፤ ግማሹ ዳገቱ ላይ ትንሽ ያዘገይሃል እንጂ መኪናህን ያቆይልሃል። ከመምሸቱ በፊት ለመግባት ግማሹም ይበቃል። ተከራከረ፣ ትላንት ደርሰን የለም ወይ አለ። ቀስቱ ቀዩን መንካቱን አስታወስኩት። ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ አያት። ከዚያ የቡሎን መፍቻውን ራሱ አንስቶ አቀበለኝ።

አዱላ ለቧንቧው አፍ ከቀርከሃ ክዳን ሠርቶ ልኳል፤ አየር የሚያሳልፍ፣ ወንፊት መሳይ። ልክክ አለ።

ቡሎኑን ግማሽ ዙር መልሻለሁ። ለአልማዝ መልእክት ልኬላታለሁ፦ ከዛሬ ጀምሮ ራቱን አትክደኚ፣ ትኩሱን ይበላል።