የነሐሴ ሃያ አንድ ጨረቃ

ቶሮንቶ፣ ነሐሴ 26 ቀን 2005 ዓ.ም.

ኖቫ ስኮሺያ፣ ባሕሩ ዳር ላለኸው ለስለሺዬ፤

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደስ ብሎኛል፤ ግራም ገብቶኛል፤ ሁለቱ እንዴት አብረው እንደዋሉ አትጠይቀኝ። በስልክ አንድ ነገር ሳንጨርስ ስለምንጣላ ጻፍኩልህ። ወረቀት አያቋርጠኝም።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። «እታገኝ፣ ሃያ አንድ ሙሉ ጨረቃ ነው፤ ውሃው በደንብ ይሞላል፣ ዓሣውም ወደ ዳር ይመጣል፤ ያን ቀን ሰው ላኪልኝ» አልከኝ። ሁልጊዜ ወሩን ትጠራልኝ ነበር፤ ያን ዕለት ቁጥሩን ብቻ። እኔም ፍሪጁ ላይ ከለጠፍኩት የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ሃያ አንድን አከበብኩ። የነሐሴን ሃያ አንድ! አንተ ያልከው የፈረንጁን፣ ኦገስት ሃያ አንድን ኖሯል። ዓሣ ሊያጠምዱ የላክኋቸው እነተክሉ የመጡብህ ከስድስት ቀን በኋላ፣ ጨረቃዋ ግማሽ ስትሆን።

«ባሕሩ በማይሞላበት ቀን፣ በሞተ ውሃ ሰው ትልኪብኛለሽ?» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። አለቀስኩ፤ አልዋሽህም።

ትናንት ታዲያ ተክሉ ኢስት ዮርክ ቤታችን ድረስ መጣልኝ፤ ፊቱ በፀሐይ ተቃጥሎ፣ ጥርሱ ሁሉ ሳቅ።

«እትዬ እታገኝ፣ ባልሽ ጉድ ነው! ሦስት ዓሣ ያዝን!»

«በሞተ ውሃ?»

«እኔ ምን አውቄ! ውሃው ዝም ሲል እሱም ረጋ አለ። ቀኑን ሙሉ ስላንቺ ሲያወራ ዋለ።»

«ምን ብሎ? ሲሰድበኝ?»

«‹እሷ ብትኖር ይሄን ጀልባ በወሬ ትሞላው ነበር› አለን። ከዚያ ዓይኑን ጠረገ። ምነው ስንለው፣ ‹ጨዋማው ውሃ ነው› አለ። ኧረ እትዬ፣ ነፋስ እንኳ አልነበረም!»

እኔ የቱን ስለሺ ልመን? ስልክ የዘጋብኝን ወይስ ጀልባ ላይ ያለውን? «ለአንድ ሰመር ጎብኚዎችን ዓሣ ላስጠምድ» ብለህ ከሄድክ አራት ዓመት ሆነ። አንተ «ነይ» አላልክ፣ እኔም «ልምጣ?» አላልኩ። ስትጮህብኝ፣ ባልኖር ይሻለዋል እያልኩ ዝም አልኩ።

ሌሊቱን ስገላበጥ አንድ ነገር መጣልኝ። እኔ የምደውልልህ ሁሌ ለቡኪንግ፣ ጎብኚ ለማስመዝገብ ነው፤ ቡኪንግ ደግሞ ሙሉ ጨረቃ ሲሆን፣ ውሃውም አንተም ስትጣደፉ። አራት ዓመት ሙሉ በማይሆን ቀን ስደውልልህ ኖሬ ይሆን እንዴ? እንጃ። ጨረቃና ዓሣ አልገባኝም፤ አንተም አልገባኸኝም።

ብቻ ተክሉ ስልኩ ላይ አሳይቶኛል፦ ሴፕቴምበር አሥራ ሁለት፣ የእንቁጣጣሽ ማግስት፣ ጨረቃዋ ግማሽ ናት። በዚያ ቀን አንድ ሰው ብቻ መዝግቤያለሁ። ሴት ናት። ዓሣ መያዝ አታውቅም፣ ዋናም አትችል፣ ወሬ ግን ታበዛለች። ቦታ የለም ካልክ ደውልልኝ፤ እሰርዛታለሁ፣ አልቀየምም። ካልደወልክ ግን ትመጣለች።

ውሃውን የሚሞላው እሱ አምላክ ከነጀልባህ ይጠብቅህ፤ አዲሱን ዓመት በጤና ያድርስህ።

ያው ሚስትህ፣
እታገኝ በየነ