«ቻው» የማይባልበት ቢሮ

ሰኞ

መጥበሻ ተሸከምኩ። ለሊድስ የታዘዘው ሸክላ ሉተን ሄዶ ተራግፏል፤ ስብሰባ ተጠራ። አለቃችን ሚስተር ላም (ስማቸው ነው፤ እስካሁን አንድ ቀን አልሳቅኩም) በካንቶኒዝ ቻይንኛ አንድ ነገር ጠየቁ። የሥራ ባልደረባዬና የካንቶኒዝ መምህሬ ሜይ «መጥበሻውን ማን ይሸከም? ነው የሚሉት» ብላ ሹክ አለችኝ። ለንደን፣ ኪልበርን ያለ አስመጪ ቢሮ መጥበሻ ምን ይሠራለታል አላልኩም። ትልቅ ሰው የሚሸከምለት ሲፈልግ ቁጭ ብሎ ማየት ነውር ነው። ብድግ አልኩ። «እኔ።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

ማክሰኞ

ሜይ ዛሬ አስረዳችኝ። በካንቶኒዝ መጥበሻ መሸከም ማለት የሰው ጥፋት በራስ ላይ መቀበል ነው።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እንደዚያ ደረትህን ነፍተህ ስትነሣ ማን ያቋርጥሃል?»

ረቡዕ

ሚስተር ላም ጠረጴዛዬ ጋ መጡ። ፊታቸው ተቋጥሯል። «ቻው ያው ዩ» አሉኝ። ገና ጠዋት ነው፤ ግን አለቃ ከተሰናበተ ተሰናበተ። ተነሥቼ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ «ቻው፣ ሚስተር ላም» አልኩ። እጄንም አወዛወዝኩላቸው።

ሜይ ሳቋ ሲያልቅላት፦ «ስኩዊድህን እጠብሳለሁ፣ ማለትም አባርርሃለሁ ነው ያሉህ። ስኩዊድ የሚባለው የባሕር እንስሳ ሲጠበስ ይጠቀለላል፤ ድሮ የተባረረ ሠራተኛም መኝታውን ጠቅልሎ ነበር የሚወጣው።»

«ረቡዕ ነው፣ እጾማለሁ» አልኳት።

ይሄኔ አልሳቀችም። ቪዛዬ በዚህ ቢሮ ስፖንሰርነት እንደተንጠለጠለ ታውቃለች። ስኩዊዱ ከተጠበሰ ከነሻንጣዬ ቦሌ ነኝ።

ሐሙስ

እንቅልፍ እምቢ አለ። ኬንቲሽ ታውን ያለችው ክፍሌ ውስጥ ጥቅልል ብዬ ተኛሁ፤ ስኩዊዱ ትዝ ሲለኝ ደንግጬ ተዘረጋሁ። ሌላ ቦታ አፕላይ አድርጌ ነበር፤ ስፖንሰር አናደርግም አሉ። ልልቀቅ ብል አልችል፣ ልባረር ብል አልችል።

ሜይ «ጫማቸውን ጥረግላቸው» ትላለች። አሁን ነቅቻለሁ፤ አሽቃብጥ ማለቷ ነው። ያም ሆኖ የሚስተር ላምን ጫማ ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ሸራ ነው።

ዓርብ

ተጠራሁ። ሚስተር ላም በሩን ዘጉ። የሸክላውን አድራሻ የተሳሳቱት እሳቸው ራሳቸው ኖረዋል።

«የኔን መጥበሻ ተሸከምክልኝ። አባርርሃለሁ ስልህ ደግሞ እጅህን አወዛወዝክ። እንዲህ ያለ ደፋር አይቼ አላውቅም።»

ድፍረት ካሉት ይሁን።

«ጋ ያው» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ሲተረጎም ዘይት ጨምር፤ በርታ ለማለት ነው። ስኩዊዱ አልተጠበሰም። ተመስገን።

በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ። «ሰኞ ስብሰባ አለ። ሌላ መጥበሻ አለ። ካንተ በቀር ለማን እሰጣለሁ?»

«ቻው» ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ።