ስለ ክኒኑ ለጠየቅሽኝ

ለውድ እህቴ፣ ለባለቤቴ ታናሽ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ቻለልሽ? እኔ አለሁ። ድካም ብቻ ነው፤ እሱንም እንደ ደባል ለምጄዋለሁ።

ሐኪሙ የኮሌስትሮል ክኒን አዞልሽ፣ «ከሱ ይልቅ አንቺን አምናለሁ፤ ያላነበብሽው የለ፤ ልዋጠው ወይስ ልተወው?» ብለሽ ጻፍሽልኝ። እባክሽ እንዲህ አትበዪኝ። ማንበብም ሰልችቶኛል።

ዱሮ ነው አሉ፣ ጥንቸሎችን ኮሌስትሮል ቢያበሏቸው የደም ሥራቸው ተደፈነ። ከዚያ ወዲያ ሐኪሞቹ ጎራ ለይተው ስንት ዓመት ተሟገቱ፤ አንዱ ጥፋቱ የስቡ ነው ሲል ሌላው የለም፣ የስኳሩ ነው ይላል። ይህን ሳነብለት ወንድምሽ፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት አውቶቡስ የነዳሁት ጥንቸል ሆኜ ነው?» እያለ ያስቀኝ ነበር። እኔ ግን የእንቁላሉን አስኳል አውጥቼ ነጩን ብቻ እጠብስለታለሁ። ሳህኑን አየት ያደርግና «ፀሐይዋን ማን ሰረቃት?» ይላል።

እንዲህ ሳስርበው ኖሬ፣ አንድ ቀን እንቁላል እንደተባለው አይጎዳም የሚል መጽሔት እጄ ገባ። ሐኪሞቹ በእንቁላሉ ከተሳሳቱ በሌላውስ ምን ዋስትና አላቸው አልኩ። አልኩና ዝም አላልኩም፤ ለወንድምሽ ነገርኩት። እሱ ደግሞ እንዳንቺው ነው፤ ከሐኪም ቃል የኔን ያስበልጣል።

ለካ ያ ሁሉ ሙግት ይበልጡን ስለ ሳህኑ፣ ስለሚበላው ነገር ነበር። ደም ውስጥ የበዛው ኮሌስትሮል ልብን እንደሚጎዳ፣ ክኒኑም ብዙ ሰው ከሞት እንዳተረፈ፣ በሺህ በሚቆጠሩ በሽተኞች ላይ ተሞክሮ ታይቷል። ይህን ያነበብኩት እሱን ከቀበርን በኋላ ነው።

ስለዚህ ዋጪው። ሰውነትሽን ከቆረጣጠመሽ ለሐኪሙ ንገሪው እንጂ በራስሽ አታቋርጪ። እኔንም ሁለተኛ አትጠይቂኝ።

«ከወንድሜ የተረፈ ካለ ላኪልኝ» ላልሽው፣ አለ። ሐኪሙ እንዳይቀየመው በየወሩ እየተቀበለ ያመጣው ነበር። መሳቢያ ሙሉ ነው፤ አንዱም አልተከፈተም። ግን ጊዜው አልፎበታል፤ አንቺ አዲስ ግዢ።

ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ልብሽን ይጠብቅልኝ። እባክሽ፣ አንቺ ደግሞ እንዳትቀድሚኝ።

የወንድምሽ ሚስት