መውረድ ለማትችል እህቴ «ወርደሽ ቅረቢ» ስለሚለው መመሪያ

ለመኖሪያ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቀን፦ ጥር 12

ጉዳዩ፦ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቱ ሁለት መመሪያዎች መጋጨታቸው በመሣሪያ ስለተረጋገጠ፣ እህቴ የምድር ቤት ክፍል እንድታገኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ አራተኛ አቤቱታዬ ነው፤ የዛሬውን ግን ማስረጃ ይዤ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው።

1. ታላቅ እህቴ ጉልበቷ ከድቷት አራተኛ ፎቅ ላይ ቀርታለች። የምድር ቤት ክፍል እንዲቀየርላት ብናመለክት፣ ማመልከቻ የሚያየው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳታችን «አመልካቿ በአካል አልቀረበችም» ብሎ ዘጋው። ጎረቤት ለምኜ፣ በወንበር ተሸክመን አቀረብናት። «በአካል ከቀረበች ደረጃ መውረድ ትችላለች» ብሎ ደግሞ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር አልወረደችም።

2. የቢሯችን የኮምፒውተር ባለሙያ «እትዬ፣ እሱ ምን ያድርግ፣ የጻፉለትን ነው የሚያነበው» አለችኝ። በኮምፒውተሯ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍታ አንዲት መስመር ጻፈች፤ በዚህች የሚነሣው የማመሳከሪያ መሣሪያ የረዳቱን የመመሪያ ፋይሎች እያመሳከረ የሚጋጩትን ይለቅማል። ትንሽ ቆይቶ በቀይ አወጣው፦ የመጀመሪያው ፋይል 14ኛ መስመር ከሦስተኛው ፋይል 9ኛ መስመር ጋር ይጋጫል። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ለካ አላበድኩም!

3. አልደብቅዎትም፣ ሁለቱንም የተየብኳቸው እኔው ነኝ። «በአካል ይቅረብ» የሚለውን የቀድሞው ኃላፊ፣ «የቀረበ ደረጃ መውረድ ይችላል» የሚለውን ከዓመት በኋላ ምክትላቸው አስጻፉኝ። እኛ ጸሐፊዎች የታዘዝነውን እንጽፋለን እንጂ ካለፈው ጋር አናስተያይም። እህቴ ላይ በሩን የዘጋሁት በገዛ እጄ ነው።

4. የመመሪያ ክፍሉ ኃላፊ ውጤቱን አይተው፣ መመሪያ የሚታረመው ባለጉዳይዋ በአካል ቀርባ ስትጠይቅ ነው አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ሳቄ መጣ፤ ምን ላድርግ። ይህንንም ወረቀት በወጉ ባስገባው ረዳቱ እንደሚዘጋው ስለማውቅ፣ ከሚፈርሙባቸው ደብዳቤዎች መሃል ሸጉጬዋለሁ። ጥፋቴን አምናለሁ።

ስለዚህ ከሁለቱ መስመሮች አንዱ እንዲሰረዝ፣ ይህ ካልሆነ ደግሞ አንድ ሰው አራት ፎቅ ወጥቶ እንዲያያት በትሕትና አመለክታለሁ።

ብዙም ተስፋ አላደርግም። እሷም ትታዋለች። ባለፈው እሑድ የመውጫ ጫማዋን ሰጠችኝ፤ «የምትመላለሺው አንቺ፤ እኔ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» ብላ። ልኬ ሆነ። ዛሬም ያደረግሁት እሱን ነው። ከተፈቀደላት እመልስላታለሁ ብዬ ሶሉን እንኳ እየተጠነቀቅሁ ነው የምረግጠው።

ደጅ መጥናት ካልሰለቸው ሰላምታ ጋር፣

የአመልካቿ ታናሽ እህት
(ፊርማ)
የጽሕፈት ቤትዎ ጸሐፊ